ከፊቴ ያልተፈረመው

የማኅበራችን ሊቀ መንበር የዘር ሩዜን የድስት እህል አደረጉት። የተጣሉት ግን ከኔ ጋር አልነበረም።

ወረታ ዙሪያ ዘር የምናባዛ ገበሬዎች ሩዛችን ተመርምሮ ሲያልፍ ብሎክቼይን በሚሉት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። አንዴ የገባ አይፋቅም፤ እዚያ የሌለውን ማንም ለዘር ብሎ አይገዛም። ምዝገባውን ኮምፒውተር ላይ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ወልጄ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ጽፌ ስጨርስም ፊርማ የለውምና ዋጋ የለውም። የመፈረሚያው ቁልፍ ሊቀ መንበሩ ዘንድ፣ ኢንተርኔት ነክቶ በማያውቅ ትንሽ መሣሪያ ውስጥ ነው። በፍላሽ አደርስላቸዋለሁ፣ ሲመቻቸው ይፈርማሉ፣ መልሼ እኔ እልከዋለሁ።

ምዝገባዎቹ ተራ ቁጥር አላቸው። አንዱ ሳይፈረም ከቀረ ከኋላው ያለው ቢፈረምም አይገባም፤ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን እያወቅሁ የራሴን መጨረሻ አደረግሁት። ጸሐፊው ራሱን አስቀደመ እንዳልባል ነው። ይሉኝታ በላኝ።

ከፊቴ የነበረው የጎረቤቴ ነው። በሬዎቹ የሊቀ መንበሩን ማሳ ግጠውባቸው ነበር። የሁሉንም ፈረሙ፣ የሱን ዘለሉ፣ የኔን ፈረሙ።

«አያ፣ የሱ ካልገባ የኔም አይገባም» አልኋቸው።

«የሱንማ በሬዎቹ ይፈርሙለት። ማሳዬ ላይ ሲፈርሙ አይቻቸዋለሁ።»

«እኔ ምን በደልሁ?»

«አንተማ ምን በድለህ። የሱን ቁጥር ለራስህ አድርገህ አምጣ፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

ይቻል ነበር። ቁጥሩን ብወስድበት የኔ ይገባል፣ እሱ ውጭ ይቀራል። አላደረግሁትም። ደግ ሆኜ አይደለም፤ ውኃ የምንጠልፈው ከአንድ ቦይ ነው። ጎረቤቴን ሄደህ እግራቸው ላይ ውደቅ ስለው «በሬ ሩዝና ሣር ለይቶ ያውቃል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሁለቱም ቤት ስመላለስ ከረምሁ። ቁልፍ የለኝ፣ በሬ የለኝ።

ግንቦት አለቀ። ገዢዎቹ የተመዘገበውን ዘር ጭነው በሐሙሲት በኩል ሄዱ። የኔን ጆንያ ነቀዝ ሲጀምረው መፈልፈያ ቤት ወሰድሁት። የተፈለፈለ ሩዝ አይበቅልም። ልጆቼ በሉት።

ሽማግሌ ሁለቱን ያስታረቀው ክረምት ገብቶ ሁሉም ዘርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሊቀ መንበሩ በበዓል ስለማይፈርሙ ሥላሴን አሳልፈው የጎረቤቴን ፈረሙ፣ የኔም ተከትሎ ገባ። የበላነው ሩዝ መዝገቡ ላይ ዛሬም ዘር ነው። የገባው ሐምሌ ስምንት ቀን ነው።