ላህ ወንዝ ዳር የተናገርኩት እንግሊዝኛ

እንግሊዝኛን መፍራት የጀመርኩት በርበሬ በተሰጣበት ግቢ ውስጥ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ አባየ ከገጠር አምጥቶ ፍኖተ ሰላም ከሚኖሩት ዘመዱ ከእትየ ጠጂቱ ቤት አስቀመጠኝ። እትየ ጠጂቱ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ኅዳር ሲገባ ግቢያቸው ከአጥር እስከ አጥር በበርበሬ ይቀላል። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ እያነጠስኩ በርበሬውን አገላብጣለሁ፤ ሲመሽ ደግሞ እያነጠስኩ አጠናለሁ። የእናንተ ደብተር ምን ምን ይሸት እንደነበር አላውቅም። የእኔ ግን በተገለጠ ቁጥር ዓይን ያቃጥል ነበር።

በገጠሩ ትምህርት ቤታችን እስከ ስምንተኛ ክፍል ጎበዝ ከሚባሉት አንዷ ነበርኩ። መምህሮቻችን መጽሐፉ በምንም ቋንቋ ይጻፍ የሚያስረዱን በአማርኛ ነበር። ከተማ ስገባ ግን ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም እንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቀኝ። የማውቀውን ነገር በማላውቀው ቋንቋ ሲጠይቁኝ ነገሩን ራሱን የማላውቀው ይመስለኛል። ስለ አፈር ዓይነት ስንማር እንኳ ከአፈር ጋር ያደግሁት እኔ ትንፍሽ አላልኩም፤ መልሱን የሰጠው የሱቅ ባለቤት ልጅ ነበር።

አንድ ቀን የእንግሊዝኛ መምህራችን ቲቸር ሙሉቀን እያንዳንዳችን እየተነሳን የአባታችንን ሥራ እንድንናገር አዘዘን። የሾፌሩ ልጅ ተናገረ፤ የሱቁም ልጅ ተናገረ። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁና፣ "ማይ ፋዘር ኢዝ ፕላውድ" አልኩ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ ጮክ ብሎ፣ "አባቷ ይታረሳል!" ብሎ ተረጎመው። ሳቁ ቆርቆሮውን ሊነቅለው ደረሰ። ቲቸር ሙሉቀን ተቆጣ፤ ሰሌዳው ላይም "የሚያርስ" እና "የሚታረስ" በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚለያዩ ጻፈ። እኔ ግን ሰሌዳው አይታየኝም ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲያ ይታይሽ ብሎ የሚጠራኝ ጠፋ። ስሜ "የታረሰው ልጅ" ሆነ። ለራሴ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። ያቃጠለኝ የአባየ ነገር ነው። በዚያው ሳምንት ጭቃውን አቋርጦ፣ ስንቄን በትከሻው ተሸክሞ፣ "ልጄ፣ በርትተሽ ተማሪ" ብሎኝ የሄደ ሰው፣ ገብቶበት በማያውቀው ክፍል መሳቂያ ሆነ።

ቲቸር ሙሉቀን ሳልነግረው ገብቶታል። ከክፍል ስንወጣ ጠራኝና፣ "ሰዋስው በደብተር ይገባል እንጂ ከአፍ የሚወጣው በመናገር ነው" አለኝ። "ሰው የሚስቅብሽ ከሆነ ሰው የሌለበት ሂጂና ተናገሪ። ስትሳሳቺ ድገሚው። አፍሽ እስኪላመድ ድረስ ብቻሽን አውሪ።"

ከከተማው ጥግ በሚወርደው ላህ ወንዝ ዳር አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። እሱን መረጥኩ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር የምናገረው፤ አይ ጎ፣ ዩ ጎ፣ ሺ ጎዝ። ያቺ መጨረሻ ላይ የምትለጠፍ "ዝ" ስንት ጊዜ እንዳመለጠችኝ! ስታመልጠኝ ተመልሼ እይዛታለሁ። ውለው አድረው ዓረፍተ ነገሮቹ ረዘሙ፤ ድምፄም ከፍ አለ። ገበያተኛና ነጋዴ እሆናለሁ፤ እንደ ገዢ እጠይቃለሁ፣ ዞሬ እንደ ሻጭ እመልሳለሁ። ሐኪምና በሽተኛ ሆኜ ተከራክሬያለሁ። እጄን እያወናጨፍኩ፣ ሲያሻኝ እየሳቅኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ቋንቋ ከመጽሐፍ ወጥቶ ምላሴ ላይ ሞቆ ተሰማኝ። ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት ጀመርኩ። አንድ ጊዜ አባቴ በሬዎቹን ጠምዶ እንዴት እንደሚያርስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእንግሊዝኛ ተናግሬ ስቀመጥ የሳቀ አልነበረም።

ታዲያ ያን ደስታ መንገድ ላይም ይዤው እሄድ ነበር። ከንፈሬ አያርፍም። እትየ ጠጂቱ በግድግዳ በኩል ሁለት ዓይነት ድምፅ እየሰሙ፣ "ከማን ጋር ነሽ?" ይሉኛል። "ከማንም" እላለሁ። ወንዝ ልብስ ሊያጥቡ የወረዱ ሴቶች ደግሞ አይተውኝ ኖሯል። አንዲት ልጅ፣ በቀትር፣ ውሃ ዳር፣ ከዋርካ ጋር በማይታወቅ ቋንቋ ትጣላለች ብለው ለእትየ ነገሯቸው።

"እንግሊዝኛ እያጠናሁ ነው፣ እትየ" አልኳቸው።

"ጥናትማ አውቃለሁ፤ ጥናት ዓይንን ደብተር ላይ ተክሎ ነው። ከዛፍ ጋር መሳሳቅ ምን የሚሉት ጥናት ነው?" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ ዓይናቸው ውስጥ ያየሁት ፍርሃት ነው። የሰው ልጅ አደራ አለባቸውና ለአባየ በገበያተኛ ላኩበት።

አባየ ሲመጣ ስንቅ አልያዘም። ያኔ ነው የደነገጥኩት። አጠገቤ ተቀምጦ ግንባሬን ዳበሰኝና፣ "ልጄ፣ ጥቂት ጠበል ተጠምቀሽ ትመለሻለሽ" አለኝ። ቲቸር እንዳዘዘኝ፣ ልምምድ እንደሆነ፣ ፈተና እንደደረሰ እያለቀስኩ ነገርኩት። "ሰኞ ትምህርት ቤት ሄደህ ራሱን ጠይቀው" ብዬ ለመንኩት። እሱም ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ "እስከ ሰኞ ነገሩ ቢጠናብኝስ? አንቺን ባጣሽስ?" አለ። አባየ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ስጽፍ ደጋግሜ መናገር የምፈልገው እሱን ነው። የሚወደኝን ያህል ፈራ።

ጠበሉ ከመንደራችን ቁልቁል ነበር። ከገደል የሚወርድ፣ አጥንት የሚሰብር ቀዝቃዛ ውሃ። እዚያ ስንት የታመመ ሰው ድኖ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለዚህ በጠበሉ አልቀልድም። እኔ ግን አልታመምኩም ነበር፤ ያንን የሚያምነኝ ሰው አጣሁ። ውሃው ራሴ ላይ ሲወርድ አጥማቂው፣ "ስምህ ማን ነው? ከየት ያዝካት?" ይላል። "ይታይሽ ነኝ" ስል፣ "በስሟ እየተሸሸገ ነው" ይላሉ ከበው የቆሙት። ዝም ስል "ተደበቀ" ይባላል። አንድ ቀን ትንፋሽ ሲያጥረኝ፣ ስፈራ፣ ሳላስበው ያ ስንት ጊዜ የደጋገምኩት ቃል ከአፌ ወጣ፤ "ፕሊዝ! አይ አም ኤ ስቱደንት!" አልኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። "ለፈለፈ! ለፈለፈ!" ተባለ። "የፈረንጅ ነው" ያሉም ነበሩ። ከሰዎቹ መካከል እማየ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስታለቅስ አየኋት። ያኔ እንግሊዝኛው አፌ ውስጥ እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘ።

ሱባኤው አልቆ ሌላ ሱባኤ ተያዘልኝ። የፈተናው ሳምንት እዚያው አለፈ። ከደብሩ ቅኔ የሚያስተምሩት የኔታ ጥበቡ ወሬውን የሰሙት ከተማሪዎቻቸው ነበር። አንድ ጠዋት በትራቸውን ተደግፈው ወረዱና ከእኔና ከአባየ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"እስቲ ወንዝ ዳር ትይው የነበረውን በይልኝ" አሉኝ።

እንቢ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። አልጎተጎቱኝም። በመጨረሻ በሹክሹክታ የሚያርሰውንና የሚታረሰውን፣ ትናንት ያረሰውንና ነገ የሚያርሰውን በእንግሊዝኛ አልኩላቸው፤ ትርጉሙንም ነገርኳቸው። ሽማግሌው ፊታቸው በራ።

"ይህማ የግስ ርባታ ነው!" አሉ። ወደ አባየም ዞሩ፤ "ሐረሰ ብሎ አረሰ፣ ተሐርሰ ብሎ ታረሰ። እኛ ጋ ተማሪው ሌት ተቀን የሚለፋበት ነገር ነው። አንተ ሰው፣ ጋኔን ርባታ ሲያረባ የት ሰማህ?"

"ብቻዋን ነው የምታወራው እኮ፣ የኔታ" አለ አባየ።

"የእኔ ተማሪዎችስ ቅኔ ሲቆጥሩ በየዋሻው፣ በየዛፉ ሥር ብቻቸውን አይደል የሚያጉተመትሙት? ከእነሱ አንዱን ጠበል ወስደህ ታውቃለህ?"

አባየ አንገቱን ደፋ። እኔ ደግሞ እንባዬ መጣና የሆነውን ሁሉ፣ የክፍሉን ሳቅና "የታረሰው ልጅ" የተባልኩትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አባየ ይህን የሰማው ያን ዕለት ነው። የኔታ ሳቅም ሐዘንም ባለው ድምፅ፣ "ሰሙ ስህተት ነው፤ ወርቁ ግን አልሳተም" አሉኝ። "ገበሬ እያረሰ የሚታረስ ፍጡር ነው። የአባትሽን ፊት እይው፤ ትልሙ ይታይሻል።"

ወደ ከተማ ተመለስኩ። ቲቸር ሙሉቀን ነገሩን ሲሰማ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ ያመለጡኝን ፈተናዎች እንድፈተን ለምኖ አስፈቀደልኝ። አለፍኩ። በሰዋስው ጥያቄ የሚደርስብኝ አልነበረም፤ ክፍት ቦታ ሙላ፣ ስህተቱን አርም ከተባለ እጄ አይሳሳትም። ተናገሪ ስባል ግን ያ ቀዝቃዛ ውሃ ራሴ ላይ ይወርዳል፤ ትንፋሼ ይቆረጣል። ወደ ዋርካው አልተመለስኩም። ዓመታት አልፈው ለመምህርነት ስወዳደር፣ እንግሊዝኛ ለማስተማር የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ ቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት ሰዎች ፊት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አማርኛ መምህርት ሆንኩ። አማርኛን እወደዋለሁ፤ ተማሪዎቼም ይወዱኛል። ያም ሆኖ እንግሊዝኛ መምህር በሌለበት ቀን ርዕሰ መምህሩ፣ "ይታይሽ፣ እባክሽ ሸፍኝልን" ሲለኝ ጆሮዬ ይጮኻል።

አባየ ካረጀ በኋላ አንድ ክረምት ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጠን ዝናቡን እናያለን። ድንገት፣ "ያን የወንዝ ዳሩን ነገር... አሁንም ታውቂዋለሽ?" አለኝ።

"አውቀዋለሁ፣ አባየ።"

"እስቲ አንዲት ቃል በይኝ።"

ፈለግኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ፈለግኩ። ከንፈሬ ተላቀቀ፤ ድምፅ ግን አልመጣም። አባየ መልሶ አልጠየቀኝም። የተሰነጣጠቁ መዳፎቹን ገልጦ አያቸው። ከዚያ ክረምት በኋላ ብዙም አልቆየም።

አሁን የምኖረው ቡሬ ነው። ልጄ ኤልዳና እኔ ወንዝ ዳር በነበርኩበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች። የትምህርት ነገር እንደምታውቁት ነው፤ ትምህርት ቤቷ ሲከፈት ሲዘጋ ከርሞ፣ ልጅቷ በስልክ ላይ በተጫነ ትምህርት ብቻዋን እንግሊዝኛ ትማራለች። ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ግቢው ውስጥ ከጫፍ ጫፍ እየተመላለሰች፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ማንም ሳይኖር ትናገራለች። በእኛ ጊዜ ብቻውን የሚያወራ ሰው ሲታይ እናት ታማትብ ነበር። ዛሬ መናኸሪያው ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ብቻውን የሚያወራና የሚስቅ ሞልቷል፤ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ጎረቤቶቼ በአጥር በኩል ኤልዳናን ሰምተው፣ "ጎበዝ ልጅ አለሽ" ይሉኛል። "ይመስገን" እላለሁ።

ነገር ግን ድምፅዋ ከፍ ሲል እኔ ሳላውቀው እነሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ሆኖ ቤት ውስጥ ስትለማመድ ተነስቼ በሩን ዘጋሁት።

ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ፣ "እማ፣ ሁልጊዜ እኔ ሳወራ በር የምትዘጊው ለምንድን ነው?" አለችኝ።

"ነፋስ ገባ" አልኳት።

ነፋስ አልነበረም። እሷም ታውቃለች። ትንሽ አይታኝ ማዳመጫዋን መልሳ ቀጠለች፤ ጮክ ብላ፣ እየተሳሳተች፣ ስህተቷን እያረመች። እጄ መዝጊያው ላይ እንደሆነ ቆሜ ሰማኋት። ከዚያ በሩን ገርበብ አደረግኩት። ያን ቀን ከዚያ በላይ መክፈት አልቻልኩም።