መምህር ግጭት

ጭሮ ውስጥ «ዋሲሁን የት ነው?» ብለው ቢጠይቁ የሚያውቅልዎት ሰው ጥቂት ነው። «መምህር ግጭት» ካሉ ግን ማንኛውም ባጃጅ ነጂ በሩ ድረስ ያደርስዎታል። ስሙን ሰምቶ ጠበኛ ሰው የጠበቀ ሁሉ ሲያየው ያፍራል። ዋሲሁን ዶሮ እንኳ ደፍሮ የማያባርር፣ ከቢቸና ተመድቦ የመጣ ቀጭን የጂኦግራፊ መምህር ነው። ስሙ የወጣለት ስለ ተራራ አፈጣጠር ሳያወራ መዋል ስለማይችል ነው።

«ምድር ከላይ አንድ ወጥ አይደለችም» ይላል ላገኘው ሰው። «ፕሌት በሚባሉ ግዙፍ የአለት ዝርጎች የተከፋፈለች ናት። እነሱ ቀስ እያሉ ይጓዛሉ። ሲጋጩ ተራራ ይወጣል።» ሱሪ ሊያሳጥር ልብስ ሰፊ ዘንድ ገብቶ የሰው ጨርቅ ከግራና ከቀኝ ገፍቶ ያሳያል። ምሳ ቤት ከሆነ ደግሞ ሁለት ዳቦ ያጋጫል።

የሚኖረው አዴ ኩብራ ከሚባሉ ሴት ግቢ ተከራይቶ ነው። አዴ ኩብራ ጫት ነጋዴ ናቸው፣ ምላሳቸው ሹል፣ ልባቸው ለስላሳ። ፕሌቶቹን «ሳህኖችህ» ነው የሚሏቸው። አንድ እሑድ አዲስ ምንጣፍ አንጥፈው ሊያሳዩት ጠሩት። እሱ ተንበርክኮ ምንጣፉን ከሁለት በኩል ገፋው፤ መሐሉ አበጠ።

«ይኸው ሂማላያ! ሕንድ ከታች መጥታ እስያን ስትገፋ እንዲህ ሆነ።»

«ሂማላያህን መልሰህ ዘርጋልኝ፣ እንግዳ አለብኝ» አሉት። ሲዘረጋ እያዩት ግን ጠየቁ፦ «የኛዎቹስ? እነዚህ የጭርጭር ተራሮች ከማን ጋር ተጋጭተው ነው?»

የዋሲሁን እጅ ምንጣፉ ላይ ቀረ። «የኛዎቹ... አልተጋጩም።»

«እና?»

«ተለያይተው ነው። መጀመሪያ ከሥር ያለው ሙቀት መሬቱን ወደ ላይ አሳበጠው፤ የቀለጠ ድንጋይም እየፈሰሰ ተደራረበበት። ኋላ መሬቱ ወዲያና ወዲህ ሲሳብ ተሰነጠቀ። መሐሉ ሰመጠ፣ ጠርዙ ከፍ እንዳለ ቀረ። እኛ ያለነው ጠርዙ ላይ ነው። ወደ ሚኤሶ ቆላ ሲወርዱ ጆሮዎን ድፍን አያደርግዎትም?»

«ወላሂ ያደርገኛል! ታዲያ ለልጆቹ ይህን ትተህ የሕንድን የምትነግራቸው ለምንድን ነው?»

ዋሲሁን እውነቱን ተናገረ። «ፈተና ላይ የሚመጣው ግጭቱ ነዋ!»

አዴ ኩብራ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ፣ ነገሩ ግን ከነከነው። በሳምንቱ ተማሪዎቹን ይዞ ከከተማው ወጥቶ ቁልቁለቱ አፍ ላይ አቆማቸው፤ ቆላውን ከላይ እያሳየ ስለ መለያየት አስተማራቸው። ስሙን ግን ማንም አልለወጠለትም።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬት ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ፤ ንዝረቱ እኛም ዘንድ ደረሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዋሲሁን ፀጉር ቤት ተቀምጦ ጺሙን ሲላጭ መስታወቱ መርገፍገፍ ጀመረ። ሌላው ሰው ምን እንደሆነ ሳይገባው እሱ አስፋልቱ መሐል ቆሟል፤ ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ፣ አረፋ ግማሽ ፊቱ ላይ።

ከጫት ተራ አዴ ኩብራ ተጣሩ። «መምህር! ሳህኖችህ ናቸው እንዴ?»

«ናቸው!» ብሎ ጮኸ።

ሰው ከበበው። ጫት ይዞ የመጣው ገበሬ በድሪ ገፍቶ ፊቱ ቆመ። «ተራራ ሊወጣ ነው ይላሉ። በኔ ማሳ ላይ እንዳይወጣ! ከወጣ በጎረቤቴ ላይ ይሁን፣ ሰፊ መሬት አለው።»

«አይወጣም» አለ ዋሲሁን። «ይህ ነገር ጥፍርህ ከሚያድግበትም ይዘገያል።»

«ከጥፍር ከዘገየ ታዲያ አንተ ለምን ሮጥክ?»

መንገዱ በሳቅ ተናጋ። ዋሲሁን አረፋውን በጨርቁ ጠረገ። «ግድግዳው ይወድቅብኛል ብዬ ነው እንጂ ተራራ ሸሽቼ አይደለም!»

ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ለአዴ ኩብራ ብቻ ቀስ ብሎ ነገራቸው። «መሬት ይንቀሳቀሳል እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ። ለካ ከልቤ አምኜው አላውቅም ነበር።»

አልቀለዱበትም። «ሁሉም በአላህ እጅ ነው» አሉት። ትንሽ ሄደው ግን አላስቻላቸውም፤ «አንተ ደግሞ የቀረውን ጉንጭህን ተላጭ።»

ከዚያ በኋላ ያገኘው ሁሉ «ቀጣዩ መቼ ነው?» ይለው ጀመር። «ማንም አያውቅም» ሲላቸው ቅር ይላቸዋል፤ ይህን ያህል ተምሮ ይህን አለማወቁ ገረማቸው። እሱ ግን የሚያውቀውን አደረገ። የግቢውን ቤቶች ሁሉ እየዞረ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ከባድ ዕቃ አወረደ፤ ሰው ከተሰነጠቀ ግድግዳ ሥር እንዳይተኛ መከረ። የአዴ ኩብራን ቁም ሣጥን አናት ሲያራቁተው «ቤቴን ለቅሶ ቤት አስመሰልከው» ብለው ተቆጡ። ከጎረቤቶቻቸው ሁሉ ቀድመው ዕቃቸውን ያስወረዱት ግን እሳቸው ነበሩ።

ወሬው በደሳ ከተማ ደርሶ የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ንግግር እንዲያደርግ ጠሩት። ርእሰ መምህሩ ሰዓቱን እስኪያሳየው ተናገረ። ከዚያ አለቱን ሊያሳያቸው ጥቂት መምህራን አስከትሎ በመኪና መቻራ ድረስ ወረደ። ኢርሻድ የሚባል ቡና ሰብሳቢ መንገድ ያሳያቸው ነበር። አንድ ገመገም ላይ ዋሲሁን ከኖራ ድንጋይ መሐል የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ ነገር አግኝቶ ጮኸ።

«ባሕር ነበር እዚህ! ይህ ሁሉ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ነው እዚህ የደረሰው!»

ኢርሻድ ድንጋዩን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፤ አሸተተውም። «መምህር፣ ባሕሩስ ይሁን» አለ። «ግን ሲሄድ ለምሳ የሚሆን አንድ ዓሣ እንኳ አይተውልንም ነበር?»

ዋሲሁን ሊመልስለት አፉን ከፈተ፤ ዝናቡ ቀደመውና ሁሉም ወደ መኪናው ሮጡ።