ሽቲ የለበሱ ጎማዎች

ያኔ ጅጅጋ ውስጥ በምሠራበት ጋራዥ ባዶ ካርቶን የሚባል ነገር አይገኝም ነበር። መለዋወጫ ሲመጣ ዕቃው ወደ መደርደሪያው ይሄዳል፣ ካርቶኑ ወደ እኔ። ወረቀት እንደ ልብ የለም፤ የፍሬን ሸራ የመጣበት ካርቶን ግን ተቀዶ ሲዘረጋ አንድ ረዘም ያለ ግጥም ይችላል። የጋራዡ ባለቤት ይህን ያውቃል። ጋሼ ነው የምለው፤ ድሬዳዋ ከጣሊያኖች እግር ሥር ሙያ የለቀመ፣ ሲናደድም በእነሱው ቋንቋ የሚራገም ሽማግሌ ነው። ለደንበኞቹ "ሌላው ጋራዥ አይጥ አለው፣ እኔ ገጣሚ አለኝ" ይላቸዋል፤ "ሁለቱም ካርቶን ይበላሉ።"

አንድ ሐሙስ ስልክ ሲያናግር ቆይቶ ጠራኝ። ሐረር ውስጥ ሙሽራ የሚያመላልስ ሰውዬ አለ። ነጭ መኪናው ጎማ አልቆባት በድንጋይ ላይ ቆማለች። እኛ ግቢ ደግሞ ሞተሯ የተቃጠለ እኅቷ ነበረች፤ ጎማዎቿ ገና አዳዲስ ናቸው። አራቱንም ሊገዛ ተስማምቷል። ቃሉ አጭር ነው፦ ቸርኬው፣ ማለት ጎማው የተገጠመበት ብረት፣ ነጭ ይቀባ፤ አንዲት ጭረት ካየሁ እመልሳለሁ፤ እሑድ ሰርግ አለ።

"ማን ያደርሰዋል?" አልኩ።

"ለአውቶቡስ ረዳት አልሰጥም። ረዳት ጎማ ሲያይ ያንከባልላል፤ ተፈጥሮው ነው። አንተ ትሄዳለህ። ጎማዎቹ ሳይጫሩ ሰውዬው ከተቀበለህ፣ ከእንግዲህ የጋራዡ ዕቃ አድራሽ አንተ ነህ፤ ይለፍህንም እኔ አስጨርሳለሁ። ከመለሳቸው ግን እስክትሸብት እዚችው ቁጭ ብለህ ብሎን ታጥባለህ።"

ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ያኔ ይለፍ ሳይዙ ከከተማ መውጣት አይቻልም፤ ይለፍ ለማግኘት ደግሞ ምክንያት ያስፈልጋል። "አገር ማየት አምሮኛል" ምክንያት አይደለም። ሞክሬዋለሁ። የቀበሌው ጸሐፊ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የኢትዮጵያ ካርታ በእስክሪብቶው እያሳየ "እይ፣ ማንም አልከለከለህም" ነበር ያለኝ። አባቴ በሥራ ተዛውሮ ጅጅጋ ካመጣን ወዲህ የኔ ኑሮ መኪና ጠግኖ መሸኘት ነበር። መኪናው ካራማራን ዞሮ ይሰወራል፤ እኔ እጄን በጋዝ እታጠባለሁ።

የመጀመሪያውን ቸርኬ ዓርብ ጠዋት ቀባሁ። ከዚያ ደንበኛ በደንበኛ ላይ መጣና ሦስቱን የቀባኋቸው አመሻሽ ላይ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ጋሼ "ደርቋል?" አለኝ። በጣቴ ነካ አድርጌ "እንደ አጥንት" አልኩት። የነካሁት የጠዋቱን ነበር።

"በል ጠቅልል። ካርቶን አምጣ።"

"ተጽፎበታል።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ግጥምህ ለስላሳ ከሆነ ቸርኬው ላይ አድርገው።"

"አንዳንዱ ሻካራ ነው" አልኩት።

በጣሊያንኛ የሆነ ነገር ብሎ ገለባ እንድፈልግ ላከኝ። አንድ ጆንያ ገለባ ለምኜ አመጣሁና በር ላይ አስቀምጬ ገመድ ልፈልግ ገባሁ። የጅጅጋ ፍየል ሰው አትፈራም። ስመለስ ጆንያውን ገልብጠው ከብበውታል፤ አንዷ ገለባው እየተንጠለጠለባት ቀና ብላ ያየችኝ አስተያየት "ኑ፣ እንብላ" የሚል ነበር። አውቶቡሱ ደግሞ ሊሞላ ነው። የጋራዡ ጨርቅ ሁሉ አሸዋና ግራሶ የጠጣ ስለሆነ ከመንገዱ ይበልጥ ይጭራል። ጎማዎቹን እንዳሉ በአህያ ጋሪ ጭኜ መናኸሪያ ደረስኩና የቸኮለ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። ጮኽኩ።

"ለስላሳ ጨርቅ ያለው! አሮጌ ጨርቅ! ጎማ የምጠቀልልበት!"

"ዋርያ! ምን ሆነህ ነው?"

የጠራችኝ መናኸሪያው ሁሉ ኤዶ፣ አክስት ማለት ነው፣ እያለ የሚጠራት የጨርቅ ነጋዴ ናት። ሰፊ ሴት ናት፤ ስትቆም ከኋላዋ ያለው አውቶቡስ ጠበብ ይላል።

"ቸርኬው እንዳይጫርብኝ ነው፣ ኤዶ። እርስዎ አሮጌ ጨርቅ ይኖርዎታል?"

"እርስዎ ማነው? እኔ አንድ ሰው ነኝ።" ጎማዎቹን ዞረች። "ሐረር ነው?"

"ሐረር።"

"ወረቀት አለህ?"

"የጎማው ደረሰኝም፣ የራሴ ይለፍም።"

"ማሻአላህ!" አለች፤ እንዲህ ደስ ያለው ሰው በይለፌ አይቼ አላውቅም። "ታዲያ ጎማ እናት የለውም? እንዲህ ራቁቱን ብርድ ላይ ትጥለዋለህ? ሴቶች፣ ኑ!"

መጡ። ከዘንቢል፣ ከጥቅል፣ ከመቀነት ሥር ጨርቅ ወጣ። አንዷ ወፍራም ሆና መጥታ ቀጭን ሆና ተመለሰች። ሽቲ ነው የሚበዛው፤ ያ የምሥራቅ ሴት ለቤትም ለገበያም የምትለብሰው ስስ፣ አበባ የሞላበት ጨርቅ። ቀይ አበባ ያለውን ራሷ ኤዶ ቸርኬው ላይ እያለሰለሰች አነጠፈችው፤ በላዩ ሌላ፣ በሌላው ላይ ሌላ፤ ጎማው መሃል ያለው ጉድጓድ እንኳ አልቀረም። ልጅ ስትጠቀልል ያየሁ መሰለኝ።

"ኤዶ፣ አሮጌ ጨርቅ እንዴት እንዲህ አዲስ ይሸታል?"

"እኛ ንጹሕ ሰዎች ነን" አለች።

በላዩ ሸራ አልብሰን፣ በገመድ አጥብቀን ጣሪያው ላይ አስጫንን። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስለ ከተማው ስንት ክፉ ነገር በካርቶን ላይ ጽፌ ነበር! ካራማራን ሳንወጣ ይህችን ገጠምኩ፦

ጅጅጋ ደግ አገር፣ ለብረትም ያዝናል፤
የራሱን ገላልጦ ጎማ ይሸፍናል።

ኤዶ አጠገቤ ናት። አውቶቡሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር እኔ ወደ ጣሪያው ቀና እላለሁ፤ እሷም ቀና ትላለች። ከእኔ እኩል ለቸርኬ የምታስብ ሴት!

"አንተ ልጅ" አለችኝ ቆሬን ካለፍን በኋላ፣ "ባቢሌ ኬላ ላይ 'ጨርቁ የማነው?' ቢሉህ ምን ትላለህ?"

"የእናንተ ነዋ! የሰጣችሁኝን ደግነት ሁሉ እነግራቸዋለሁ።"

ከኋላ ያሉት ሴቶች በሶማሊኛ አንድ ነገር አሉ። ኤዶ ግንባሯን በመዳፏ መታች። "ይህ ልጅ ይገድለናል" አለች፤ በአማርኛ ያለችው እኔም እንድሰማው ነው። ከዚያ ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ ብላ፣ ጨርቁ ከቶጎጫሌ ድንበር እንደመጣ፣ ቀረጥ የሚባል ነገር በዓይኑም እንዳላየ፣ ሴቶቹ ያላቸው ሀብት ሁሉ ይኸው ጨርቅ እንደሆነ ነገረችኝ። ግጥሜ አፌ ውስጥ ደረቀ። ጎማዎቹ ሕጋዊ ናቸው፤ ኮንትሮባንዱ መጠቅለያቸው ነው። ከተያዘ ጎማውም ከጨርቁ ጋር መጋዘን ይገባል፤ እኔም ወደ ብሎኔ።

ልውረድ ልል ነበር። ግን ደርሰናል።

ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ሻጮቹ በመስኮት ይንጫጫሉ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ግን ሁሉም ጸጥ ብሎ ተራራ ያያል። ፊናንሶቹ፣ ቀረጥ ተቆጣጣሪዎቹ፣ ጣሪያ ወጡ። አለቃቸው ቀጭን፣ ካኪው እንደ ቢላ የተተኮሰ ሰው ነው። የጎማውን ጥቅል አስወርዶ ገመዱን በጠሰና ሸራውን ገለጠ። ፀሐይ አበባው ላይ በራች።

"ባለጎማ ማነው?"

ወረድኩ። ኤዶም ሳትጠራ ወረደች።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ጎማ" አልኩ።

"ጎማ ሽቲ ይለብሳል?"

"ብርድ ነው፣ ወንድሜ" አለች ኤዶ። "ካራማራ ላይ ንፋሱን አታውቀውም?"

ሕዝቡ ሳቀ። አለቃው አልሳቀም። "አንተን ነው የጠየቅሁት። ጨርቁ የማነው?"

የኔ ነው ብል ኮንትሮባንዲስት ነኝ። የሷ ነው ብል ያ ሁሉ ሴት ይዘረፋል፣ ጎማውም አይተርፍም። አፌን ከፈትኩ፤ ዕድሜ ልኬን ቃል ስሰበስብ ኖሬ አንድም አልመጣልኝም። ሰውዬው ታከተውና ጨርቁን ይዞ ሳበ። ጨርቁ አልመጣም። ጠበቅ አድርጎ ሳበ። ቸርኬው ጨርቁን አልለቅም አለ። በሁለት እጁ ሲመነጭቀው "ጭርርር" ብሎ ተላቀቀና፣ ነጭ ቀለሜ ከመዳፉ እስከዚያ እስከተተኮሰው እጅጌው ተለጠፈበት።

ያኔ ነው "እንደ አጥንት" ያልኩት ትዝ ያለኝ።

ጨርቁን አንጠልጥሎ አየው። ነጭ በነጭ ተጨማልቋል፤ የጎማው ጥቁረትም በዳሩ ታትሞበታል።

"አየኸው?" አለች ኤዶ ፈጥና። "መወልወያ ነው። አሮጌ ነው። ይህን መንግሥት ምን ያደርገዋል?"

ሰውዬው መዳፉን ዘርግቶ የሚጠርግበት ፈለገ። አጠገቡ ያለውን ጥቅል ከፍቶ አንድ ንጹሕ፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለው ሽቲ መዘዘና እጁን ጠረገበት። ያ ከሁሉ የሚበልጠው ነበር። ኤዶ ልጇ በጥፊ እንደተመታባት እናት ፊቷ ተጨማደደ፤ አፏ ግን "ጥረግ፣ የኔ ወንድም፣ ጥረግ" ይላል። "ጥሩ ይጠርጋል። እጅጌህንም።"

እጅጌውንም ጠረገ። ከዚያ የጨረሰውን ጨርቅ አየ፣ እሷን አየ፣ እኔን አየ። "ይህን ይዤ መጋዘን ብገባ መሳቂያ ነው የምሆነው" አለ ለጓደኞቹ። "ጫኑለት። ውሰዱልኝ ከፊቴ!"

አውቶቡሱ ባቢሌን አለፈ። ከዚያ ሴቶቹ ሳቁ፣ እልል አሉ፣ ኦቾሎኒ በእፍኝ እፍኝ ጭኔ ላይ አፈሰሱልኝ። እኔ አልበላሁም። እነሱ ተርፈዋል፤ የኔ ቸርኬ ግን እርጥብ እንደነበረ አሁን አውቄያለሁ።

ሐረር ስንደርስ ኤዶ ጨርቆቿን ሳትቀበል ስለማትለየኝ ገዢው ግቢ ድረስ አብራኝ መጣች። መኪናይቱ በድንጋይ ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። ሰውዬው ቁመቱ አጭር፣ መነጽሩ ወፍራም ነው። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ "ፍታው" አለኝ።

የመጀመሪያውን ፈታሁ። ኤዶ ጨርቁን በዝግታ ላጠችው። ቸርኬው ነጭ አልነበረም። የሽቲው ቀለም ወደ እርጥቡ ነጭ ቀለም ዘልቆ፣ ቀያይ አበቦች ዙሪያውን ፈንድተዋል፤ ቅጠላቸው ሳይቀር። ሁለተኛውም አበበ፤ ፊናንሱ ከሳበበት ቦታ በቀር። ሦስተኛውም። አራተኛው፣ ያ የዓርብ ጠዋቱ፣ እንደ ወተት ንጹሕ ወጣ።

ሰውዬው ዞራቸው። ጎንበስ አለና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። ጋሼ ብሎኑን በጣሳ ሲያቀርብልኝ ታየኝ።

"ይህ በጅጅጋ እንዲህ ነው የሚሠራው?" አለ ሰውዬው።

"ለሙሽራ ሲሆን" አለች ኤዶ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

"አንቺ ማነሽ?"

"አክስቱ።"

እንደገና ዞረ። ከዚያ ፊቱ ተቆጣና ጣቱን ወደ አራተኛው ቀሰረ። "ታዲያ ይህኛውስ? ሦስት አበባ አንድ ራቁት! ሰው 'ጨርሶ መክፈል አቃተው' ይበለኝ? እንዲህ አልቀበልም!"

እኔና ኤዶ ተያየን።

ከጎረቤቱ ነጭ ቀለም አስመጣን። እኔ አራተኛውንና ፊናንሱ የላጠውን ቦታ ቀባሁ፤ ኤዶ ቀዩን ሽቲ፣ ያንኑ የተረፈውን ንጹሕ ጫፍ፣ አነጠፈችበትና ሁለት መዳፏን አሳርፋ እንደ ሊጥ ተጫነችው። "አሁን ቶሎ እንዳይደርቅ" አልኳት። "አንተ ከቀባኸው አይደርቅም" አለችኝ። እሑድ ጠዋት ሙሽሪት አራት ክብ የአበባ አትክልት ላይ ተቀምጣ ሄደች። እኔ በእግሬ እየተከተልኩ ከበሩ እስከ ገበያው ሐረርን አየሁ።

ጋሼ ቃሉን ጠበቀ። በሚቀጥለው ጭነት ግን ጨርቅ ከማንም አልተቀበልኩም፤ ኤዶ መናኸሪያ ላይ ብትለምነኝም፣ ብትረግመኝም። ቸርኬዎቹን በገዛ ካርቶኖቼ ጠቀለልኳቸው፤ ጽሑፉ ወደ ውጭ፣ ቀለም እንዳይነካው። ባቢሌ ላይ ያው ቀጭኑ አለቃ ገመዱን በጠሰ፤ እጁን አርቆ፣ በሁለት ጣቱ ብቻ ካርቶኑን አዞረና ከላይ እስከ ታች አነበበ። ከመስኮቱ ኤዶ አንገቷን አውጥታለች።

"ያንተ ነው?"

"የኔ ነው" አልኩ፤ በዚያ ኬላ ላይ ደፍሬ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል።

"ቀረጥ የለውም" አለና መለሰልኝ። "ሦስተኛው መስመር ግን ያነክሳል።"

እውነቱን ነው። ሐረር ሳንገባ አስተካከልኩት።