ለአዘቦት የሚሆን ውስኪ

የሆቴሉ መጠጥ ቀማሽ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብድግ እያለ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ «አፍንጫው» እየተባለ የተከበረ ሰው ነው፤ ጠርሙስ ሲከፈት በር ላይ ሆኖ ዓይነቱን ይናገር ነበር። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፣ ዛሬ ያ አፍንጫ ነጭ ሽንኩርትና ሳሙና አይለይም። ከሁለት ወር በፊት አንድ የማይረባ ጉንፋን ማሽተቱን ይዞበት ሄደ። ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ የእንጀራ ገመዱ ነዋ!

እስካሁን የድሮ ማስታወሻውን እየገለበጠ ሲያታልል ከረመ። የዛሬው ግን አዲስ ነው፤ ባንኮኒው ላይ በየቀኑ እንዲቀዳ የታሰበ ርካሽ የአየርላንድ ውስኪ። ሥራ አስኪያጁ ከሰዓት በኋላ አስተያየቱን በጽሑፍ ይፈልጋል፤ የዓመቱ ግዢ የሚወሰነው በእሱ ቃል ነው። ቀዳ፣ አሸተተ፣ ምንም የለም። ምላሱ ላይ ጣፈጥ ብሎ ጉሮሮውን ሞቅ አደረገው፤ ያንንማ ማን ያጣዋል? ሲጨንቀው ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ በምሳ ሰዓት ወደ ቤቱ በረረ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ መጠጥ በአፏ ዞሮ አያውቅም። የስፌት መኪናዋን አስቁሞ፣ መጠጥ ያልለመደ ሰው ምን እንደሚል ማወቅ ፈልጌ ነው ብሎ ዋሸና ብርጭቆውን ሰጣት። ዓይኗን ጨፍና አሸተተችና ፖም አለች። ቀጥላ ማር፣ ከዚያ አናጢ አሁን የላገው እንጨት። አንድ ማንኪያ ውሃ ጨመረበትና እንደገና አሸተተች፤ ማሩ ጎላ፣ የሚከረፋ ነገር ግን የለውም አለች። እሱ ቆሞ ጻፈ፦ ለስላሳ ነው፣ ጣዕሙ አፍ ላይ ብዙ አይቆይም፣ የክብር እንግዳ ባይደነቅበትም ለአዘቦት ይጠጣል፤ በዋጋው አያሳፍርም። ጎሽ የኔ እመቤት ብሎ ሊወጣ ጠርሙሱን ሲያነሳ እጁን ያዘችው።

«አፍንጫህ ከተወህ ስንት ጊዜው ነው?»

ደግሞ ምን አመጣሽ ሊላት ነበር፤ ዓይኗን ሲያይ አልሆነለትም። «ሁለት ወር» አላት።

«እኔም ይኸው ሁለት ወር ሽቶ ስቀያይር ከረምኩ። ድሮ ደጃፍ ላይ ሆነህ ሽቶዬን የምትለይ ሰውዬ፣ ስለ አንዱም ምንም አላልክ። ሌላ ሴት የያዝክ መስሎኝ ነበር።»

ይህን ብላ ጎንበስ አለችና ከአልጋው ሥር ሻንጣ ሳበች። ነገ ጠዋት እናቷ ቤት ልትሄድበት ያዘጋጀችው ነው።

ሥራ አስኪያጁ ደጋግሞ ደወለ። ቀማሹ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ቀሚሶቿን አንድ በአንድ ከሻንጣው እያወጣ ነበርና ስልኩን አላነሳውም።