ጎማው ሳሎን የገባ ዕለት

ባሌ መኪናችን ዝቅ ትበልልኝ ብሎ ሞላዋን አስቆርጦ የመጣ ቀን የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ወጥቶ አጨበጨበለት። ስንት ጉድጓድ ያሻገረችን ነጭ ኮሮላ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብላለች። «አየሽ እንዴት እንዳማረባት?» አለኝ። «ምነው፣ አመማት እንዴ?» አልኩት። ሳቀ። ጓደኞቹም ሳቁ። ያ ሳቅ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

መኪና እንዲህ ዝቅ ሲል ጎማው ቀጥ ብሎ አይቆምም። አናቱ ወደ ውስጥ ያዘነብልና ክብደቱ ሁሉ በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ያርፋል። ጫማውን በአንድ ጎን እየረገጠ የሚጨርስ ሰው አይታችሁ የለ? እንደዚያ ነው። ስለዚህ ሐዋሳ ተሂዶ አላይመንት ይሠራል፤ ጎማው በማሽን እየታየ ይስተካከላል። ይህን ሞላውን የቆረጠው መካኒክ ራሱ ለባሌ ነግሮታል። ባሌ ግን «መሪው ቀጥ ብሎ እየሄደልኝ ምን አላይመንት ያስፈልገዋል?» ብሎ ተወው። ቀጥ ብሎም አይሄድም ነበር። እጁን ከመሪው ላላ ሲያደርግ መኪናዋ ወደ ቀኝ ትጎትታለች። ስነግረው «መንገዱ ነው» ይለኛል። በሱ ቤት ከዲላ እስከ ሞያሌ ያለውን አስፋልት ሁሉ ወደ ቀኝ አጣመው ነው የሠሩት።

የባሌ እናት ጨለለቅቱ ነው የሚኖሩት። እሁድ እሁድ ልጃችንን ይዞ ሊጠይቃቸው ይሄዳል፤ እሷም ለአያቷ ስትል ከቅዳሜ ጀምሮ ጫማዋን አልጋዋ ሥር ታዘጋጃለች። የዚያን እሁድ እኔም አብሬ ነበርኩ። ይርጋጨፌን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር የፊት ጎማ ፈነዳ። መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ፣ አንድ ሁለት የቡና ዛፍ ሰብራ እንሰት ውስጥ ገብታ ቆመች። ማናችንም አልተጎዳንም። ልጄ አላለቀሰችም። ከኋላ ወንበር ላይ አፏን ከፍታ ታየኛለች፣ ድምፅ ግን የላትም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከእንሰቱ ጓሮ የወጡት ሰዎች «ተመስገን በሉ!» አሉን። አልን። ባሌ ተመስገኑን ሳይጨርስ የቻይና ጎማ መራገም ጀመረ። «ገና አዲስ እኮ ነው፣ ጥርሱን እዪው!» አለኝ። እውነትም ከውጭ ለሚያየው አዲስ ነበር። ጎንበስ ብዬ የውስጡን ጠርዝ በእጄ ስዳብሰው ግን እንደ ሳሙና ልሟል፤ ትንሽ ገፋ ሳደርገው ሽቦ ጣቴን ወጋኝ። በየእሁዱ ልጄን የምሰዳት በዚህ ላይ ኖሯል!

ሰዎቹ መኪናዋን ገፍተው መንገድ አስገቡልን፤ ባሌም የፈነዳውን በመጠባበቂያው ጎማ፣ በስኮርታው፣ ተካው። ሌላኛው የፊት ጎማም ውስጡ እንደዚያው ተበልቶ ነበር፤ አሳየሁት። «እሱ ገና ይሄዳል» አለኝ። ዲላ ቤታችን እንደገባን የፈነዳውን ጎማ ከመኪናው አውርጄ ጓሮ አስቀመጥኩት። ከዚያም ነገርኩት፦ ሞላው ተመልሶ፣ ጎማዎቹ ተቀይረው፣ አላይመንት እስኪሠራ ድረስ ልጄ እዚህ መኪና ውስጥ አትገባም።

እሱ ታዲያ ምን አደረገ? መካኒክ ጋ በመሄድ ፈንታ ሽማግሌ ላከብኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሆነው መጡ፤ አጎቱ፣ ጎረቤታችን ሐጂና የእድራችን ሊቀመንበር። ሻይ አቀረብኩ። አጎቱ ጀመሩ፦ «ልጄ፣ እግር ከእግርም ይጋጫል። ለጎማ ተብሎ ልጅ ከአያቷ ይለያል?» ሐጂ ቀጠሉ፦ «ወንድ ልጅ መኪናና ፈረስ ይወዳል። ትንሽ ቻል ማድረግ ነው።» ባሌ አንገቱን ደፍቶ የተበደለ ሰው መስሎ ተቀምጧል። ላንቀው ፈለግኩ።

ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጎማውን እያንከባለልኩ አምጥቼ ሳሎን ምንጣፉ ላይ አጋደምኩት። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይንኩት» አልኳቸው። አጎቱ ነኩት፤ ጣታቸውን ቶሎ ሳቡ። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ሽቦውን አዩ። ሊቀመንበሩ ባሉበት ሆነው አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ። «የዚህ ወንድም አሁን መኪናው ላይ ታስሯል» አልኳቸው። ገባቸው ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር።

ሽማግሌ ግን ሁለቱንም ወገን ሳያስማማ አይነሳም። ተያይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሊቀመንበሩ ተናገሩ፦ «እንግዲህ ሁለታችሁም ተዉ። እሱ መኪናውን ግማሽ ያህል ከፍ ያድርግ፤ አንቺም ልጅቷን አትከልክይ። ነገ ትሂድ፣ እሱ በሚመቸው ጊዜ ያሠራዋል።»

ግማሽ ያህል! የተቆረጠ ብረት በሽምግልና ይቀጠል ይመስል! ንዴቱ እንባዬን አመጣው፤ እነሱ ደግሞ ልቧ ራራ ብለው መሰለኝ፣ ተነስተው መረቁን። «እሰይ፣ ጎሽ» አሉኝ። እኔ «አሜን» አላልኩም።

ባሌ ፊቱ በራ። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ኑ ላድርሳችሁ» አላቸው።

አጎቱ ወደ በሩ ጀምረው ነበር፤ ቆም ብለው ምንጣፉ ላይ የተጋደመውን ጎማ አዩ። «አይ ልጄ፣ እኔ እግሬን ላፍታታ» አሉ። ሐጂ መስጊድ ጎራ እንደሚሉ ተናገሩ። ሊቀመንበሩማ ቀድመው ወጥተው መንገድ ላይ ባጃጅ እያስቆሙ ነበር። ዝናቡ ጣል ጣል ማለት ሲጀምር እግራቸውን ሊያፍታቱ የነበሩትም፣ መስጊድ ሊሄዱ የነበሩትም እዚያችው ባጃጅ ውስጥ ተጠጋግተው ገቡ።

ባሌ ቁልፉን እንደያዘ በሩ ላይ ቀረ።

«ሽማግሌዎችህ በምን ሄዱ?» አልኩት።

ልጄ የነገውን ጫማዋን ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። እጄን ለባሌ ዘረጋሁለት፤ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።