ሥዕሏ ትቁም፣ ሴትዮዋ ትነሳ

የስደት ወሬ ሁሉ በድቅድቅ ጨለማ ይጀምራል፤ የእኔ ግን የጀመረው በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ እያየ ነው። ባለቤቴ ፔናንግ በምትባል የማሌዥያ ደሴት የትምህርት ዕድል አግኝቶ እኔና ልጄ ሶስና ተከተልነው። እናቴ እስከ ታክሲው ሸኝታን፣ "ለመሆኑ እዚያ የምትበሉት አለ?" ብላ አለቀሰች።

የምንበላውማ! ጆርጅ ታውን የምትባለው ያቺ አሮጌ ከተማ መንገዷ ሁሉ ጓዳ ነው። ሻጩ ጋሪውን አቁሞ እዚያው ይጠብሳል፣ እዚያው ይቀቅላል። ግድግዳው ደግሞ በሥዕል የተሞላ ነው። ከሶስና ጋር ሥዕል ፍለጋ በየጠባቡ መንገድ እንዞር ነበር፤ መጨረሻችን ግን ሁልጊዜ ምግብ ነው። ሻይ የሚያንቆረቁር ሽማግሌ ከተሳለበት ግድግዳ ሥር አንዲት ኑድል ጠባሽ ነበረች። እኛ እትዬ እንደምንለው እዚያ ትልቅ ሴት "አንቲ" ትባላለች። ጭሷ የሽማግሌውን ጫማ አጥቁሮታል፤ ማንም አይቆጣትም። ቱሪስቱ ሥዕሉን ፎቶ ያነሳል፣ ሽታው ይጠራዋል፣ ቁጭ ብሎ ይበላል። እኔም በጣቴ እያሳየሁ "መርቂልኝ እንጂ አንቲ!" ስላት፣ አማርኛ የት አውቃ፣ እየሳቀች ሽሪምፕ ጣል ታደርግልኛለች።

ከዚያ ዲቪ ደርሶን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ገባን። እዚህ ሰው የሚበላው መኪናው ውስጥ ተዘግቶ ነው። ብርዱንም፣ ዝምታውንም ቻልኩት። ባለቤቴ የዌርሃውስ ሥራው ሲቀዘቅዝበት እኔ ፈቃድ አውጥቼ፣ ፎረስት ፓርክ አካባቢ ሱቆች ፊት ለፊት፣ ፓርኪንግ ዳር የሳምቡሳና የቦምቦሊኖ ጋሪ አቆምኩ። ቤታችን የቆመው በእሷ ነው።

የሱቆቹ ባለቤት ሚስተር ግሬግ ባለፈው ክረምት ግድግዳውን በሥዕል አስቀባ። ሠዓሊዋ መጥታ ፎቶ አነሳችኝ። ሥዕሉ ሲያልቅ ቀና ብዬ ሳይ እኔው ነኝ! ሽርጤን ታጥቄ፣ ትሪ ሙሉ ሳምቡሳ ይዤ፣ ሁለት ፎቅ የሚያህል ቁመት ተሰጥቶኝ እስቃለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። አንቲ ትዝ አለችኝ።

በሳምንቱ ግሬግ መጣ።

"ጋሪሽን ወደ ኋላ፣ ቆሻሻ መጣያው ዳምፕስተር ጋ ውሰጂው፤ ሰው ፎቶ ሲያነሳ ቪው ብሎክ እያደረገ ነው።"

"ሥዕሉ ላይ ያለችው እኮ እኔ ነኝ!"

"እሱማ አርት ነው። ይሄ ኢኩዊፕመንት ነው።"

"የራበው ሰው ታዲያ ግድግዳውን ይላስ?"

ቀልድ መስሎት ሳቀ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፣ ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ፣ "ለሥዕሉ ግራንድ ኦፕኒንግ ግን አንቺ ራስሽ ሥዕሉ አጠገብ ብትቆሚ አሪፍ ነው። ሽርጥሽንና ትሪውን ይዘሽ። ምግብ አያስፈልግም፣ ዘይቱ ይሸታል" አለኝ።

እሳት ለበስኩ፣ እሳት ጎረስኩ። ቦታዬን ወስዶ እኔን ደግሞ ለምርቃት ይፈልገኛል! ማታ ለሶስና ስነግራት ከስልኳ ቀና ብላ፣ "ማሚ፣ ጀስት ሴይ ኖ" አለችኝ። ኖ አልኩት። "ባዶ ትሪ ይዤ የምቆም አሻንጉሊት አይደለሁም" አልኩት። እሱም፣ "ኦኬ፣ ኖ ፕሮብለም" ብሎ ጋሪዬን በሰው አስገፍቶ ዳምፕስተሩ ጋ አስወሰደው። የዚህ አገር ሰው ሲበድልህ እንኳ አይጮህብህም፤ የሚያቃጥለውም እሱ ነው።

ሰው አሁን ከሥዕሌ ጋር ፎቶ ተነስቶ፣ "ዋው" ብሎ መኪናው ውስጥ ይገባል። እኔ ከጀርባ ነኝ፤ ሳምቡሳው እጄ ላይ ይቀዘቅዛል።

ፎቶውን ለእናቴ የላከችላት ሶስና ናት። ትናንት እናቴ በቪዲዮ ደወለች፤ ደስታዋ ስልኩን ሊሰብረው ነው።

"ንጉሥ እንኳ እንዲህ ተሰቅሎ አያውቅም! ለሰፈሩ ሁሉ አሳየሁልሽ።"

"ተመስገን እማዬ።"

"ሥዕሉንማ አየሁት። እስቲ ስልኩን አዙሪና ገበያተኛውን አሳዪኝ።"

ከፊቴ ያለው ዳምፕስተሩ ነው። ስልኩን ፊቴ ላይ አጠጋሁት፣ ከፊቴ ሌላ ምንም እንዳይታያት።

"ብዙ ናቸው እማዬ፤ ተሰልፈዋል" አልኳት። "ይቆጡኛል፣ ልዝጋ።"