ከረጢቱን የሚያሰናዳ እጅ

ልጄ አይሱዙ መንዳት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የመንገዱን ከረጢት የማሰናዳው እኔ ነበርኩ። ከደብረ ማርቆስ ጤፍ ጭኖ ወደ ደጀን ይሄዳል፤ አንዳንዴም ዓባይን ይሻገራል። አንድ አመል አለው፤ የተበላሸ መኪና ቆሞ ካየ አያልፍም። ሰውየውን አያውቀው፣ መኪናውን አያውቀው፣ ወርዶ ከሥሩ ይገባል። ሰው ይመርቀዋል፤ እኔ ግን ነፍሴ ትጨነቃለች። ያኔ ሞባይል እንደ ዛሬ በየሰዉ እጅ አልገባም። ሲዘገይ «የሆነ ቦታ ቆሞ ነው» እላለሁ፤ የት እንደቆመና ከማን መኪና ሥር እንደተኛ የሚነግረኝ የለም።

ስለዚህ ከረጢቱን እሞላዋለሁ። ክሪክ፣ ጎማ መፍቻ፣ ገመድ፣ ሽቦ፣ ፒንሳ፣ የብርድ ነገር አይታወቅም ብዬ ጋቢ፣ ቆሎ፣ መንገድ ላይ የቀረ ልጅ ቢያጋጥመው ብዬ ዳቦ። እኔ ባሰናዳሁት ከረጢት ከወጣ በደህና ይመለሳል፤ እንዲህ ነበር የማምነው። ቄስም አልነገረኝ፣ መጽሐፍም አላነበብኩ፤ ራሴ ያበጀሁት እምነት ነው።

በኋላ የደጀን ልጅ አገባ። አባቷ መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግን ሰው ነው፤ እሷም በጎማና በብረት መሃል ነው ያደገችው። ገና የሙሽርነቷ ሂና ከእጇ ሳይለቅ ከረጢቴን ደጅ አውጥታ ዘረገፈችው።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አልኳት።

«በጣም ከብዷል እኮ፣ እማዬ። ፒንሳ ሲፈልግ ሁሉንም አስፋልት ላይ ካልደፋ አያገኝም።»

«እሱ ነው የነገረሽ?»

«አዎ» አለች፣ ምንም ሳይመስላት።

ለእኔ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን «ከበደኝ» ብሎኝ አያውቅም። ለእሷ ነገራት። ደግሞ «እማዬ» ስትለኝ ያቃጥለኛል፤ ልጄ የሚጠራኝን ስም መጥታ ተካፈለችው።

ያረጀ የጂንስ ሱሪውን እግር ቀዳ ኪስ ኪስ አድርጋ ሰፋችው። ለያንዳንዱ ብረት የየራሱ ኪስ፤ ለልብስ ሳሙናም ሳይቀር። ጠቀለለችና በጎማ ቁራጭ አሰረችው፤ ከክሪኩ በቀር ሁሉም ነገር ክንድ በማያህል ጥቅል ገባ። ጋቢዬና ዳቦዬ መደቡ ላይ ቀሩ።

«ቆሎዬስ?»

«ቆሎማ በኪሱ ይያዛ!» ብላ ሳቀች። ልጄም አብሯት ሳቀ። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያ የእህቷ ልጅ ክርስትና ሊነሣ ሆነና ሦስታችንም ወደ ደጀን ወጣን። ጋቢና ስንገባ ቀድሜያት ገባሁ። ማርሹ በተቀየረ ቁጥር ጉልበቴን ይመታኛል፤ ይምታኝ፣ ከእሱ ጎን የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

አምበርን እንዳለፍን አስፋልቱ ላይ ቅጠል ተነስንሶ አየን። ከፊት የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው። አንድ አሮጌ ፒክአፕ ቆሟል፤ ባለመኪናው ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ሚስቱ ሕፃን ታቅፋ ቦዩ ዳር ተቀምጣለች። ድንጋይ ተፈናጥሮ የናፍጣውን ታንክ በስቶታል፤ ናፍጣው ይንጠባጠባል።

«እማዬ፣ አንቺ አትውረጂ» ብሎኝ ጥቅሉን ይዞ ወረደ። ማን ይቀመጣል! እኔ ስደርስ ከመኪናው ሥር ገብቶ እግሮቹ ብቻ ወደ አስፋልቱ ወጥተዋል። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መሬቱ ይንቀጠቀጣል። እግሮቹ አጠገብ ቆሜ ነጠላዬን አውለበልባለሁ፣ የማውቀውን መልአክ ሁሉ እጠራለሁ። እሷ ደግሞ ቅጠል ታቅፋ ወደ ኋላ ሮጠች።

«ከጠመዝማዛው ወዲያ ካልተነሰነሰ ማን ያየዋል!» አለችኝ ስታልፍ።

እኔ ይህን አላሰብኩትም።

ከሥር ድምፁ መጣ፤ «ሳሙና ስጡኝ!»

ደስ አለኝ። ጨርሷል፣ እጁን ሊታጠብ ነው። እሷ ሳትመለስ ልቅደም ብዬ ከጥቅሉ ውስጥ የልብስ ሳሙናውን አወጣሁ፣ ጀሪካኑን ከጋቢና አመጣሁ። በተዘረጋው እጁ ላይ ሳሙናውን አኑሬ ውሃውን አንዶለዶልኩበት።

«ኧረ! ውሃ ማን ጠየቀ?» ብሎ ጮኸ። «ቀዳዳውን ልደፍንበት ነው እኮ!»

«እናት፣ ናፍጣውን ሊያጥቡልኝ ነው?» አለ ባለመኪናው። ሚስቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ታንክ በሳሙና እንደሚደፈን የት ልወቅ? የራሰው ሳሙና ተሟልጮ አልይዝ አለው። እሷ እያለከለከች መጣች፤ አየችኝ፣ ጀሪካኑን አየች። ከታችኛው ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ሌላ ግማሽ ሳሙና አወጣችና በመዳፏ እያሸች አለሰለሰችው። አሁን ጎንበስ ብላ ልትሰጠው ነው ስል እኔ እጅ ላይ አኖረችው።

«እርስዎ ይስጡት፣ እማዬ። ጫን አድርጎ ይያዘው ይበሉት» አለችኝ ቀስ ብላ።

ጎንበስ አልኩ። «ጫን አድርገህ ያዘው» አልኩት።

«እሺ፣ እማዬ።»

መንጠባጠቡ ቆመ። ባለመኪናው መረቀኝ፤ እኔን! እሷ ብረቶቹን ወደየኪሳቸው ትመልሳለች። እስከዚያ ቀን በብልሃቷ ነበር የምቀናው፤ ያን ቀን በደግነቷም ቀናሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለስድብ መልስ አላጣም።

ልጄ ወጥቶ ሲቆም ውሃ ያፈሰስኩለት እኔ ነኝ። ታጥቦ ቀና ሲል ግን በትከሻዬ ላይ አሻግሮ እሷን አየና ሳቀላት።

በማግስቱ እኛን ደጀን ትቶ ብቻውን ዓባይን ሊሻገር ተነሣ። እሷ ጥቅሉን ስታስር ከበሩ ሆኜ አየኋት። አስራ ጨረሰች፤ ግን አላነሣችውም። አማተበችበት፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ግንባሯን አስነካችው። ቀና ስትል ዓይኖቿ ቀልተዋል።

እኔ ብቻ የምፈራለት ይመስለኝ ነበር። ፍርሃቴን እንኳ ለብቻዬ አልተወችልኝም።